ለቡችላ ሽማግሌ ልላክ ወይ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሎላ የምትባል ጀርመን ሼፐርድ አለችን። አምስት ሳምንት ሆናት ሰባት ቡችላ ከወለደች። አንዷን ለራሳችን እናስቀራለን፣ ስድስቱን ልሸጥ ነበር። ግን ለማንም መስጠት አልሆነልኝም። የሚደውል ሁሉ ‹ስንት ነው?› ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ የት እንደሚኖር፣ ግቢው አጥር እንዳለው፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንድ ባለሱቅ ‹ለቡችላ ሽማግሌ ልላክ ወይ?› ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ኪራይ ቤት ስለሚኖር አይሆንም አልኩት፤ እሱ ግን እስካሁን ይደውላል። አንድ ደላላ ሁሉንም ባንዴ ልውሰድልሽ፣ በ45 ቀናቸው አስረክቢኝ ይላል። የባለቤቴ አጎት ደግሞ ለመጋዘናቸው ጥበቃ አንድ ወንድ ይፈልጋሉ። መጋዘኑ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ሰው አያድርበትም። ባለቤቴ ‹ለጋሼማ በነፃ ነው የሚሰጠው› ብሎ ቁጭ አለ። አማቴ ‹ለውሻ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?› ይላሉ። እውነት አበዛሁት?»

መልስ

እህቴ፣ አላበዛሽውም። እንዲያውም ከጠየቅሽው ይልቅ ያልጠየቅሽው ነው ያሳሰበኝ። አንዱ ጥያቄሽ ደግሞ ከነጭራሹ ባይነሳ ጥሩ ነበር፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባለሱቁ። ሊያበሽቅሽ ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ግን አባባሉን ወደድኩለት። ሽማግሌ ሲመጣ የሴት ወገን ምን ያደርጋል? «መክረን እንመልሳለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እስከዚያ የልጁን ጠባይ በዘመድም በጎረቤትም ያስጠይቃል። ይጠጣል ወይ? ይማታል ወይ? ቤቱ እንዴት ነው? ይህን ያደረገ አባት ኮራ አይባልም። የሚታማው ሳይጠይቅ የሰጠው ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ከደወለ አትናደጂ። «ሽማግሌው ይቅር፤ ራስዎ መጥተው ቡና ይጠጡና ይዩዋቸው» በይው። ከመጣ ደህና ምልክት ነው። ካልመጣ ተገላገልሽ።

ነገሩ ያንቺ ብቻ አመል እንዳይመስልሽ። በሌላው ዓለም ውሻ ማርባትን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ገዢን መጠየቅ የሙያው ግዴታ ነው ብለው ያምናሉ። ረጅም ቅጽ የሚያስሞሉ አሉ። ቤት ድረስ ሄደው አጥር የሚያዩ አሉ። ገዢው የድሮ ውሻውን ያሳክምበት የነበረውን ሐኪም ደውለው የሚጠይቁም አሉ። ብዙዎቹ ውል ያስፈርማሉ። ውሉ ላይ የማይቀረው ነገር «ማቆየት ካልቻልክ ለሌላ አትስጠው፣ ለእኔ መልሰው» የሚለው ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ የነገሩ ግማሽ ሕግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነን ቡችላ ነጋዴ ከአርቢ ገዝቶ መልሶ መሸጥ አይችልም። ገዢው ካረባው ሰው በቀጥታ ነው የሚገዛው፣ ቡችላውንም ከእናቱ ጋር ሆኖ ማየት አለበት። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል። ሉሲ የኛዋ ድንቅነሽ አይደለችም። ለትርፍ ብቻ ውሻ ከሚፈለፈልበት ግቢ በሕይወት የወጣች አንዲት ትንሽ ውሻ ነበረች።

ይሄ ቀጥታ ወደ ደላላው ይወስደናል። አትስጪው። ሰውየው ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ሥራው ነው። ግን ቡችሎቹ ማን ቤት እንደሚገቡ አንቺ አታውቂም፣ እሱ ራሱም ገና አያውቅም። አንዱ ቡችላ ቢታመም ወይ ገዢው ቢሰለቸው ወዳንቺ የሚመለስበት መንገድ የለም። ስልክሽን እንኳ አይሰጣቸውም። እንጀራው ነዋ፣ ለምን ይሰጣል?

45 ቀን የሚለውንም አትቀበዪው። ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። 56 ቀን ማለት ነው። የ11 ቀን ልዩነት ምን ያመጣል ትይኝ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ያመጣል። እርስ በርስ ሲናከሱ አይተሻቸዋል። አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮሃል፤ ጨዋታው ይቋረጣል። አንዳንዴ ሎላ ራሷ ትቆጣለች። ጥርሳቸውን መመጠን የሚማሩት እንዲህ ነው። ይህን ሳይማር የወጣ ቡችላ አዲሱ ቤት ገብቶ የሚለማመደው በልጆች እጅ ላይ ነው። ከዚያ «ተናካሽ ነው» ይባልና ይታሰራል። ስለዚህ ገና ሦስት ሳምንት አለሽ። ሳትጣደፊ የምትመርጪበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

አንቺ የጠየቅሽው የሚከፍለውን ሰው ነው። በእኛ አገር ግን የሚከፍለውና የሚያሳድገው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። አባወራው ይገዛል፤ ምግቡን የምትሰጠው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ወይ ዘበኛው ነው። ወይ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ነው። አባወራው በስልክ የነገረሽ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ውሻ የምትፈራ ከሆነች ግን ቡችላው ውሎው ከጓሮ ታስሮ ነው፤ ውኃውም የሚቀየረው ማታ ጌታው ሲገባ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ሳህኑን የሚያስቀምጥለት ማነው?» ይሁን። መልሱን ስታገኚ ያንን ሰው ይዘው እንዲመጡ ንገሪያቸው። ዘበኛም ይሁን፣ የ12 ዓመት ልጅም ይሁን፣ ሠራተኛም ትሁን። ሎላ አጠገብ ሲቆም ታዪዋለሽ። ከአንድ ሰዓት የስልክ ወሬ የበለጠ ይነግርሻል።

ሁለተኛው «ውሎው እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ጀርመን ሼፐርድ ቁጭ ብሎ እንዲያምር የተፈጠረ ውሻ አይደለም። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ዘሩን መዝግቦ ሲያስጀምር የመረጠው ቀኑን ሙሉ በግ ሲያግድ የሚውለውን ውሻ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ሥራ ካጣ ራሱ ሥራ ይፈጥራል። ሥራውም አበባ መንቀል፣ በር መቧጨርና ላለፈ ባጃጅ ሁሉ መጮህ ነው። ገዢሽ ጠዋት ወይ ማታ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አለው? የጣና ዳር መንገድ ላይ ገመድ ይዞ የሚወጣ ልጅ ካለ እሰየው። ግቢው ሰፊ ነው ማለት ግን መልስ አይደለም። ውሻ ብቻውን ግቢ ውስጥ አይሮጥም፤ በር ሥር ተኝቶ ሰው ይጠብቃል።

በዚያው ስለ ሙቀቱ አንሺ። ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። የዚህ ዘር ጠጉር ድርብ ነው። ብዙ ሰው የውሻ ቤት ሲሠራ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው የሚሆነው። ዛፍ ሥር ቢሆን፣ ወይ ጣሪያው ሣር ቢለብስ ይሻላል። ይሄን ሰው ለመከልከል ሳይሆን ለማስተማር ተጠቀሚበት። አብዛኛው ሰው ቢነገረው ያስተካክላል።

ስለ ሰንሰለትም ላንሳ። አንዳንድ የውጭ አርቢዎች «ጥበቃ» የሚል ቃል ሲሰሙ ስልኩን ይዘጋሉ። አንቺ እንደዚያ ካደረግሽ ስድስቱም ቡችሎች እዚያው ያረጃሉ። እዚህ ከተማ ጀርመን ሼፐርድ የሚፈልግ ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ለጥበቃ ነው የሚፈልገው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ጥበቃ ኃጢአት አይደለም። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻም በየሰፈሩ አለ። ልዩነቱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ስንት ሰዓት ይታሰራል? ሰንሰለቱ ጥላና ውኃ ድረስ ይደርሳል? የቤቱ ሰው ቀን ያናግረዋል? «ኃይለኛ እንዲሆን ጨለማ ቤት ዘግቼ ነው የማሳድገው» የሚል ካጋጠመሽ ግን በትህትና አሰናብቺው። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሰው ካላየ ያደገው ውሻ ጀግና አይሆንም፣ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባና የጎረቤት ሕፃን አይለይም።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ቀላል ነው። «ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? የት ደረሰ?» በይ። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። አርጅቶ ሞተ የሚል ሰው ካገኘሽ ወንበር አቅርቢለት። አንዱን መኪና ገጨብኝ የሚልም ሰው ነው፣ ያጋጥማል። አንዱ ጠፋ፣ ሌላው መርዝ በላ፣ ሦስተኛውን ለዘመድ ሰጠሁት ካለ ግን በራቸው ክፍት ነው ማለት ነው። አራተኛውን ያንቺን አታድርጊው።

የዚህ ጥያቄ ሌላ ጥቅምም አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግቢያቸው ውስጥ ቡችላ በተቅማጥና በትውከት ሞቶ እንደሆነ ይወጣል። ያ ፓርቮ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። በሳሙና ማጠብ አይገድለውም፤ ሲሚንቶ ወለል ከሆነ በረኪና አንድ እጅ በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይሠራል። ባዶ አፈር ላይ ግን በረኪናው እምብዛም አይረዳም። እንዲህ ያለ ቤት ጥሩ ሰዎች ቢሆኑም ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይላክበትም። ወይ ይጠብቁ፣ ወይ ክትባቱን እስኪጨርስ አንቺ ዘንድ ይቆይ።

እንግዲህ ያቺ ባትጠየቅ የምላት ጥያቄ። ደመወዝ።

ሰው ደመወዙን ለወንድሙ እንኳ አይናገርም፤ ለቡችላ ሻጭ ይናገራል? ደግሞስ ምን ይነግርሻል? ባለ ቪላው ሰውዬ ሳምንቱን አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፣ ውሻው የሚያየው ቁልፍ የያዘውን ዘበኛ ብቻ ነው። ገቢውን ሳይሆን ወጪውን አውሪ። ሲያድግ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናሉ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ይኖራሉ። ሎላ በሳምንት ስንት እንደምትፈጅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሥጋውን፣ ክትባቱን፣ ሐኪሙን ደምረሽ ንገሪያቸው። ሒሳቡን ራሱ ሰውየው ይሥራው። የማይችል ከሆነ ሳይዋረድ «ላስብበት» ብሎ ይሄዳል።

የባጃጅ ሹፌሩን የከለከልሽበት ምክንያት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ኪራይ ቤት መኖር ጥፋት አይደለም፤ ይህ ከተማ ግማሹ ተከራይ አይደል እንዴ! ጥያቄው አከራዩ ፈቅደዋል ወይ ነው። ደውይለትና ጠይቂው። አከራዩን በስልክ አገናኚኝ በይ። ቤት ቢቀይር ውሻውን ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ስሚ። ቀን ማን ቤት እንደሚውልም እንዲሁ። እናቱ ወይ ሚስቱ ቤት የሚውሉ ከሆነ፣ እሱም ምሳውን ቤቱ የሚበላ ከሆነ፣ ቡችላው ከብዙ ቪላ የተሻለ ሰው ያገኛል። እምቢ ተብሎም የሚደውል ሰው ደግሞ ፍላጎቱ የአንድ ቀን ስሜት አይመስለኝም። ዋጋው ከበደኝ ካለሽ በሁለት ጊዜ ይክፈል። በቴሌብር ቀብድ ያስይዝ፣ የቀረውን በወር ይጨርስ። ስድስቱም ገዢዎች እንዲህ ቢሆኑልሽ ደስ ባለኝ።

በነገርሽ ላይ ዲቪ የሞላ ሰው ካለ እሱንም ጠይቂው። አትሳቂ። «ቢደርስህ ውሻው ማን ጋር ይቀራል?» ብትይው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ «እህቴ ትወስደዋለች» ይልሻል። ሁለተኛው ያሰበ ሰው ነው።

ሳይመጣ «በአውቶቡስ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ላኪልኝ» የሚል ከጎንደርም ከአዲስ አበባም አይጠፋም። አይሆንም። መጥቶ ይውሰድ። ከአንድ እናት ወንድና ሴት አንድ ላይ ስጪኝ የሚልም ይመጣል፤ ሊያራባቸው ነው። እህትና ወንድም አይዳቀሉም። አንዱን ይምረጥ።

መጠየቅሽ ካልቀረ ደግሞ አንቺም ለመጠየቅ ተዘጋጂ። ብዙ ሻጭ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ደህና ገዢ እናቲቱን አሳዪኝ ይልሻል። አባትየውስ የማን ነው ይላል። የዚህ ዘር የታወቀ ችግር የዳሌ መገጣጠሚያ ነው፤ በዘር ይወረሳል፣ ውሻው ሲያድግ ያነክሳል፣ ከተኛበት መነሳት ይከብደዋል። ሎላም ሆነች አባትየው ራጅ ተነሥተው ካልሆነ «አልተነሡም» በይ። ደህና ትሮጣለች ብለሽ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ። ፔዲግሪ የሚባለው የዘር ሐረግ ወረቀት ከሌለሽ የለኝም ማለት አያሳፍርም። አለኝ ብሎ «ነገ አመጣለሁ» ማለት ነው የሚያሳፍረው።

የትል መድኃኒት ሰጥተሻቸዋል? ቡችሎች ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንት ሳምንት ይሰጣቸዋል። እስካሁን ካልሰጠሽ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም አማክሪ። የቡችላ የሆድ ትል እንቁላል አፈር ላይ ለሚጫወቱ ልጆችም ይተርፋል፤ አንቺም ልጆች አሉሽ። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል። ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እየተለየ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው ይደገማል። የመጀመሪያውን አንቺ አስከትበሽ ካርዱን አብረሽ ስጪ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን በ12 ሳምንት አካባቢ ነው የሚሰጠው። ቡችላው ያኔ አንቺ ጋር የለም። ስለዚህ ይህን የሚያስፈጽመው ገዢው ነው፣ አንቺም ደውለሽ የምታስታውሺው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለበት ለእያንዳንዱ ገዢ ንገሪ። ከውሻ ጋር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል ብለሽ አትተዪው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ሁላችንም ውሻ የምናበላው የወጥ ትራፊ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ቢበስልም ያው ነው። እንጀራ በቅቅል ሥጋ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ይበቃዋል። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ከሐይቁ ለሚመጣው ዓሣም እሾሁን ይልቀሙለት።

ወረቀት ይጻፍ ወይ ብለሽ ባትጠይቂኝም እመልሳለሁ፤ ይጻፍ። አንድ ገጽ በቂ ነው። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ ቡችላው ስንት ቀኑ ነው፣ ምን ተከተበ፣ መቼ ምን ይቀረዋል። ከታች «ማቆየት ካልቻልኩ ለሻጯ እመልሳለሁ» የሚል መስመር። ሁለት ምስክር። ይህን ስታደርጊ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071ን ንገሪያቸው። እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ይህን ሰምቶ የበሩን ቁልፍ የሚያስብ ገዢ ጥሩ ገዢ ነው። የተመለሰውን የምትቀበዪበት ቦታ እንዲኖርሽ አስቢ ግን። «መልሱልኝ» ብሎ ሲመለስ «አሁንማ ቦታ የለኝም» ማለት አይቻልም።

አሁን ከባዱ። ጋሼ።

ለባልሽ አጎት እምቢ ማለት ለባለሱቁ እምቢ እንደማለት አይደለም፣ ይገባኛል። ስለዚህ በስልክ አታድርጊው፣ በመልእክተኛም አታድርጊው። ንግግሩን መጀመር ያለበትም ባልሽ ነው፤ ዘመዱ ናቸው። እሱ ደግሞ ገና አልተቀበለም። ስለዚህ መጀመሪያ ባልሽን አሳምኚ። ለውሻው ማዘን አለብህ አትበዪው። ለአጎትህ አስብ በዪው። የሁለት ወር ቡችላ ምን ይጠብቃል? ጀርመን ሼፐርድ ለጥበቃ ልቡ የሚጠና ከዓመት ተኩል በኋላ፣ አንዳንዱም ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ሰው በማያድርበት ግቢ፣ ከከተማ ውጭ፣ ሌሊት ታስሮ ቢተው ጅብ ይበላዋል። ጅብ ባይመጣ ሌባው ራሱ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶት ይሄዳል። ከመጋዘኑ ዕቃ ይልቅ ለመሸጥ የሚቀልለው ቡችላው ነው።

ከዚያ ሁለታችሁም ሄዳችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ ልንነፍግዎ አይደለም የመጣነው። ቡችላው ለዚያ ቦታ አይሆንዎትም። መጋዘኑ ላይ የሚያድር ዘበኛ ይቅጠሩና፣ ዘበኛው ውሻ የሚወድ ከሆነ እኛው ራሳችን ያደገ ውሻ እናፈላልግልዎታለን።» ያበሻ ውሻም ቢሆን አትናቂው፤ ሙቀቱንም ክረምቱንም የለመደ ነው። እሱም ግን የሚመግበው ሰው ይፈልጋል። «ለቤቴ ነው የምፈልገው፣ ልጆቹ አሉ» ካሉሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ቡና ጠጥተው ሎላን ይዩ። ያኔ በነፃ ብትሰጪ አልቃወምም። ወረቀቱ ግን ለጋሼም ይጻፍ። እንዲያውም ለዘመድ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ይቀየሙ ይሆናል። የአንድ ፋሲካ ኩርፊያ ነው። ቡችላው ሞቶ የሚመጣው ቅያሜ ግን ከዚያ ይረዝማል፣ ያንን ደግሞ አንቺ ነሽ የምትቀየሚው።

አማትሽን ተያቸው። ማታ ማታ ቡችሎቹን ገንፎ የሚያበሉት እሳቸው እንደሆኑ ብገምት ብዙ አልሳሳትም።

በስምንት ሳምንታቸው ስድስቱም ቤት ባያገኙ አትደንግጪ። 10 ሳምንት፣ 12 ሳምንት ቢቆዩ ምንም አይሆኑም፣ እንዲያውም የፓርቮው ክትባት ይደገምላቸዋል። ብቻ በአንድ ላይ ታጉረው አይክረሙ። አንድ በአንድ እያወጣሽ የባጃጅ ድምፅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች አሮጊት፣ የሚሮጥ ሕፃን አሳዪአቸው። ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት አታስረግጫቸው፤ አቅፈሽ ነው። ልጆችሽ ይህን ሥራ በደስታ ይሠሩልሻል።

ሎላን በተመለከተ፣ ሴት ውሻ በአብዛኛው በየስድስት ወሩ ወንድ ትፈልጋለች። ቡችሎቹ ከወጡ ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በርሽ ላይ ይሰለፋል። በሚቀጥለው ዙር አታስወልጃት፤ ሰውነቷ ይረፍ። ከናካቴው ሁለተኛ እንድትወልድ የማትፈልጊ ከሆነ ጡት ካስጣለች በኋላ ማህፀኗን ስለማስወጣት ሐኪሙን አነጋግሪ። ለምታስቀሪያት ሴት ቡችላም ጊዜው መቼ እንደሆነ በዚያው ጠይቂ።